«ታኮማዬ ትሬለሩን ይችለዋል?» እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ሰኔ ሲገባ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይቀየራል። ክረምቱን (የአሜሪካኑን ማለቴ ነው) ስለ ባትሪና ስለ በረዶ ጎማ ስትጠይቁኝ ከረማችሁ። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው አርቪ ትሬለር (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ሊገዛ ነው። ደስ ይላል። ልጆች ከስልክ ተላቀው እሳት ዳር ቢቀመጡ የሚጠላ የለም። ብቻ ከመፈረማችሁ በፊት ጻፉልኝ፤ ከፈረማችሁ በኋላ የምመልሰው መልስ አያስደስታችሁም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የ2019 ቶዮታ ታኮማ ፒካፕ አለኝ፤ ቪ6፣ ባለ አራት በር፣ የመጎተቻ ፓኬጅ ያለው። ለልጆቹ ትሬለር ልገዛ ነው። የወደድኩት ባዶውን 4,300 ፓውንድ ይመዝናል። ሻጩ «መኪናህ 6,400 ይጎትታል፣ ከ2,000 በላይ ትርፍ አለህ፣ ምን ያሳስብሃል?» አለኝ። ባለቤቴ ግን ልቧ አልረጋም። እኔና እሷ፣ ሦስት ልጆችም አሉን። ሐሳባችን በአይ-70 አውራ ጎዳና ተራራውን አልፈን ግሌንዉድ ስፕሪንግስ ድረስ መሄድ ነው። ይችለዋል አይችለውም? ለባለቤቴ የማሳያት መልስ ይስጡኝ።

መልስ፦ እንግዲህ አሳያት፤ እሷ ናት ትክክል።

ሻጩ አልዋሸህም። ግን የነገረህ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ነው። መጎተት ይችላል? ይችላል። መሸከምስ? ማቆምስ? እነዚህን ሁለቱን አልነካቸውም፤ እሱ ትሬለሩን ሸጦ ነው ቤቱ የሚገባው፣ አንተ ነህ ይዘኸው ተራራ የምትወጣው።

አገር ቤት የጋሪ ፈረስ አይተሃል አይደል? ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ባለጋሪው ዕቃውን ወደ ፊት ካበዛው ክብደቱ በሁለቱ እንጨቶች አድርጎ ፈረሱ ጀርባ ላይ ያርፋል። ወደ ኋላ ካበዛው ደግሞ እንጨቶቹ ሽቅብ ይነሱና ፈረሱን ሊያነሱት ይደርሳሉ። ትሬለርም እንደዚሁ ነው። ክብደቱ በሙሉ በራሱ ጎማ ላይ አይደለም ያለው። ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመንጠቆው በኩል ፒካፕህ ላይ ይቀመጣል። እዚህ «ተንግ ዌይት» የሚሉት እሱን ነው። እና ያ ክብደት የሚቆጠረው እንደሚጎተት ሳይሆን እንደ ጭነት ነው፤ ሲሚንቶ ስፖንዳው ላይ እንደ ጫንክ ማለት።

አሁን ተነስና የሹፌሩን በር ክፈት። ምሰሶው ላይ ስለ ጎማ ንፋስ የሚናገር ነጭና ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። እሱ ላይ የሰውና የዕቃ ክብደት በአንድነት ከዚህ አይለፍ የሚል ቁጥር አለ። የአንተን መኪና ቁጥር አንተው ታነባለህ፤ በዚያ ዓይነት ታኮማ ላይ እኔ ብዙ ጊዜ የማየው ከ1,000 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ለሒሳቡ 1,085 ፓውንድ እንበል።

ትሬለሩ 4,300 ነው ያልከው ባዶውን ነው። ባዶውን ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ አላየሁም። የውሃው ታንከር 40 ጋሎን ቢሆን፣ አንዱ ጋሎን 8.3 ፓውንድ ስለሚመዝን ውሃው ብቻ ከ330 ይበልጣል። ባትሪና ጋዝ ወደ 100። ድስት፣ ብርድ ልብስ፣ ወንበር፣ ምግብ፣ ባለቤትህ «ለማንኛውም» ብላ የምትይዘው ሁሉ 500 አይሞላም ብትለኝ አላምንህም (የእኛ ሰው ሁለት ቀን ለማደር የሳምንት ምግብ ነው የሚይዘው)። ድምሩ 5,200 ሆነ። ከዚህ 13 በመቶው 680 ነው። እሱ ፒካፑ ላይ ተቀመጠ።

ቀጥል። ክብደት አከፋፋይ የሚባለው (ጫናውን ለፊት ጎማም የሚያካፍለው) ከባዱ መንጠቆ ራሱ ወደ 80 ፓውንድ ይመዝናል። አምስታችሁ፣ ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው ብዬ፣ 590። ስፖንዳው ላይ የበረዶ ሳጥን፣ ከሰል፣ ሁለት ብስክሌት፣ 150። ደምረው፤ 1,500 ነው። በሩ ላይ ያለው 1,085 ነው። ከ400 ፓውንድ በላይ አልፈሃል፣ ሻጩ ግን ትርፍ አለህ እያለህ ነው።

ያ 6,400 የሚባለው ቁጥር እንዴት እንደሚወጣም ልንገርህ። ፋብሪካዎቹ ጄ2807 የሚባል የጋራ መለኪያ አላቸው። በዚያ መለኪያ ሲፈተን መኪናው ውስጥ የሚቆጠሩት እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ናቸው። ልጅ የለም፣ ብስክሌት የለም፣ የበረዶ ሳጥን የለም። የዳገቱ ፈተና ደግሞ አሪዞና ውስጥ ያለው የዴቪስ ዳም መንገድ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ዳገቱም ቀላል አይደለም፤ ግን የሚያልቀው ወደ 3,500 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። ጎረቤትህ ዴንቨር ከተማ ራሷ 5,280 ጫማ ላይ ናት። አንተ ገና ከቤት ሳትወጣ ፈተናው ካለቀበት በላይ ነህ።

መንገድህ ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ደግሞ 11,158 ጫማ ይደርሳል። በሜትር 3,400 ገደማ ነው፤ ከጣርማበር ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 278 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርህ እዚያ ሲደርስ ከ190 ብዙም አያልፍም። አየሩ ስስ ነውና ሞተሩም እንደ ሰው ያለከልካል። ስለዚህ በቀኝ መስመር፣ ከከባድ መኪናዎች ኋላ፣ በ40 ማይል እየጮኸ ይወጣል። ይውጣ፣ ችግር የለውም። ዳገት ሰው አይገድልም፣ ቢበዛ ያዘገያል።

የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ዋሻውን ወጥተህ ወደ ሲልቨርቶርን 7 በመቶ ቁልቁለት ነው። ዳር ላይ ፍሬን እምቢ ላላቸው ከባድ መኪናዎች ተብሎ የተሠራ የማምለጫ መንገድ ታያለህ፤ ለጌጥ አልተሠራም። ከዚያ ደግሞ ቬይል ፓስ አለ፤ ወጥተህ እንደገና ትወርዳለህ።

እኔ በልጅነቴ በአጎቴ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን መጥተን ጣርማበርን ካለፍን በኋላ ደብረ ሲና እስክንደርስ አጎቴ ወሬ አያወራም ነበር፤ ሬዲዮም አይከፈትም። ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይለኝ ነበር፤ ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ ከባድ መኪና ስነዳ ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠኝ አሠልጣኝ የለም። አንተም ኢሲቲ ፓወር የሚለውን ቁልፍ ተጫን፣ ማርሹን ወደ ኤስ (ራስህ ወደምትመርጥበት) አምጣና ወደ 4 ወይም ወደ 3 አውርደው። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ። ፍሬኑን አንዴ ጠንከር አድርገህ ይዘህ ፍጥነቱን አውርድና ልቀቀው፣ ሲጨምር ደግመህ ያዝ። እግርህን ፍሬን ላይ አስቀምጠህ ከወረድክ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ለስለስ ይልብሃል። ያን ጊዜ ነው ባለቤትህ መጮህ የምትጀምረው።

ለትሬለሩ ፍሬን መቆጣጠሪያ መኪናህ ውስጥ ማስገጠም አለብህ። ኮሎራዶ ውስጥ ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ትሬለር የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ፍሬኑ ኖሮ መቆጣጠሪያው ከሌለ ግን እንደሌለ ነው። በጊዜ ቆጠራ ብቻ የሚይዘውን ርካሹን አትግዛ፤ መኪናው ምን ያህል እየቆመ እንደሆነ እየለካ ለትሬለሩም በዚያው ልክ የሚይዝለትን ግዛ። የዋጋ ልዩነቱ የአንድ ጎማ አይሞላም።

ታዲያ ምን ይሻልሃል? ሦስት መንገድ ይታየኛል። አንደኛ፣ ተጭኖ ከ3,000 ፓውንድ የማያልፍ ትንሽ ትሬለር። አምስት ሰው ይዘህ፣ ስፖንዳውን ባዶ ትተህ፣ በዚህ ታኮማ በሰላም የምትሄደው በሱ ነው፤ አልጋው ይጠባል፣ ልጆቹ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፣ እነሱ እንደሆነ ድንኳኑን ነው የሚወዱት። ሁለተኛ፣ ትልቁን ፒካፕ መግዛት፤ እሱ የኪስ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው የእኛ ሰው ዘዴ ነው። እቤት ሌላ መኪና ካላችሁ ባለቤትህና ልጆቹ ዕቃውን ይዘው በሱ ይሂዱ፣ አንተ ብቻህን ትሬለሩን ጎትት። 680፣ መንጠቆው 80፣ አንተ 185፤ 945 ነው። በሩ ላይ ካለው በታች ሆነ። ውሃውን እዚያው ደርሰህ ሙላ፣ ከዚህ ተሸክመኸው አትሂድ። ደስ አይልም፣ አብሮ መጫወት የለም፣ ግን ይሠራል።

የአየር ከረጢት ወይም ተጨማሪ ባሌስትራ አስገጥመህ «አሁን ቻለ» የሚልህ ሰው ይኖራል። መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆምልሃል፣ እውነት ነው። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ግን አይጨምርም፤ አክሰሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ ያው ነው።

በመጨረሻም ሒሳቤን አትመን፣ አስመዝን። ዘመድህ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዳ አታጣም፤ ካት ስኬል (የከባድ መኪና ሚዛን) የት እንዳለ ጠይቀው፣ እንዲያውም አብሮህ ይሂድ። ክፍያው ከምሳ አይበልጥም። የፊት ጎማህን በመጀመሪያው ሚዛን፣ የኋላውን በሁለተኛው፣ ትሬለሩን በሦስተኛው ላይ አቁመህ ተመዘን። ቀጥሎ ትሬለሩን ዳር ፈትተህ ፒካፑን ብቻውን መልሰህ መዝን። ፒካፑ በትሬለሩ ምክንያት የጨመረው ክብደት ተንግ ዌይቱ ነው። ይህን ስታደርግ የክብደት አከፋፋዩን ብረቶች ፈታቸው፣ ካልሆነ ቁጥሩ ያታልልሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከላስ ቬጋስ ነው የምጽፈው። ባለፈው ወር ወደ ሎስ አንጀለስ ስንሄድ አንድ ትልቅ መኪና ሲያልፈን ትሬለራችን ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘ፣ ባሰበት። እንዴት እንደተረፍን እግዚአብሔር ያውቃል። እሱ «ነፋስ ነው» ብሎ ረስቶታል። እኔ ከዚያ ወዲህ ገብቼበት አላውቅም። 75 ማይል ላይ ነበርን። ጄኔሬተሩንና ብስክሌቶቹን ከኋላ ነበር ያሰርነው።

መልስ፦ እንኳን ተረፋችሁ እህቴ። ነፋሱ ሰበብ ነው፣ ምክንያቱ ከኋላ የታሰረው ነው። ከላይ ስለ ጋሪው ያልኩትን አንብቢው። ጄኔሬተርና ብስክሌት ከትሬለሩ ጭራ ላይ ሲንጠለጠል አፍንጫው ይቀልላል፣ አፍንጫው የቀለለ ትሬለር ደግሞ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ጄኔሬተሩን ወደ ፊት፣ ከጎማው በላይ ወይም ከዚያ ፊት አምጡት።

ሲወዛወዝ የሚደረገውን ለባለቤትሽ ንገሪው፣ አንቺም እወቂው፤ አንድ ቀን አንቺ ልትነጂው ትችያለሽ። የፒካፑን ፍሬን አይያዝ። መሪውን ወዲያ ወዲህ እያለ ሊያርመው አይሞክር፣ ቀጥ አድርጎ ይያዘው። እግሩን ከነዳጁ ቀስ አድርጎ ያንሳ። ከዚያ በእጁ የፍሬን መቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ የትሬለሩን ፍሬን ብቻ ያሲዝ። ትሬለሩ ወደ ኋላ ሲጎትት ራሱ ይቃናል። ፒካፑ ፍሬን ሲይዝ ግን ትሬለሩ ከኋላ መጥቶ ይገፋዋል፣ የሆነባችሁም ይኸው ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ያቺን ቁልፍ ሳያይ በእጁ እስኪያገኛት ደጋግሞ ይለማመድ። በደነገጠበት ሰዓት ፈልጎ አያገኛትም።

75 ማይል ስላልሽው ደግሞ፣ ካሊፎርኒያ ከገባችሁ ጀምሮ ትሬለር ለሚጎትት ሁሉ ገደቡ 55 ነው። ለመንጃ ፈቃዱም ሲል ይቀንስ። እኔ በየትም አገር ትሬለር ይዤ ከ65 አላልፍም፤ ዋዮሚንግ አይ-80 ላይ የነፈሰ ቀን ደግሞ ነዳጅ ማደያ ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ። አንዴ ግማሽ ቀን ጠጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ልጆቹ ትሬለሩ ውስጥ አልጋ ላይ ተኝተው ቢሄዱስ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አይሆንም። ብዙ ስቴቶች በሕግ ይከለክሉታል፤ የሚፈቅድ ስቴት ብታገኚም እኔ አልፈቅድም። ቀበቶ የለም፣ ትሬለሩ ከቀጭን እንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፣ ቢገለበጥ ሣጥን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ ሰላም ነው? አዲስ ነኝ፣ ትሬለር ገና መግዛቴ ነው። መንጠቆው በትክክል መያዙን በምን አውቃለሁ? ወደ ኋላ መንዳቱስ እንዴት ነው የሚቻለው? ካምፕ ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያየኝ ላብ በላብ ሆንኩ። (ከሲያትል)

መልስ፦ ላብ ያላጠመቀው የለም፣ አይዞህ። እጅህን ከመሪው ግርጌ ያዝ፣ ስድስት ሰዓት በሚያመለክተው ቦታ ላይ። የትሬለሩ ኋላ ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለግክ እጅህን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከፈለግክ ወደ ቀኝ። ሌላ ሒሳብ የለውም። በጣም ቀስ በል። ከተጣመመብህ ግትር አትሁን፣ ወደ ፊት ሂድና ቀጥ አድርገህ እንደገና ጀምር። ስፖኪዮህ የትሬለሩን ጎን ካላሳየህ ተጨማሪ ግጠም። እሁድ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ሄደህ ሁለት ሰዓት ተለማመድ፣ ከዚያ ካምፕ ውስጥ አንተ ነህ ቆመህ ሌላውን የምታየው።

መንጠቆው ግን ከዚህ ይበልጣል። እኔ ራሴ ተዋርጄበታለሁ። አንድ ቀን ማለዳ፣ ብርድ ነው፣ ጓደኛዬ እያናገረኝ መቆለፊያውን ወደ ታች ሳልጫን ረስቼ ተነሳሁ። ከነዳጅ ማደያው ስወጣ የአስፋልቱ ጠርዝ ነቀነቀኝና ትሬለሩ ከመኪናዬ መጎተቻ ኳስ ላይ ዘለለ። የመኪናዬን የኋላ በር ጎድቶ ሰንሰለቱ ላይ ተንጠለጠለ። ሰንሰለቱ ባይኖር መሐል መንገድ ላይ ብቻውን ይሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ኳሱ ላይ አስቀምጬ ቆልፌ ፒኑን ከከተትኩ በኋላ የትሬለሩን ክሪክ መልሼ ወደ ላይ አነሳለሁ። የፒካፑ ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል። ትሬለሩ ብቻ ከተነሳ አልያዘም። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የኳሱንም ቁጥር እይ፤ ባለ 2 ኢንች ኳስ ለ2 ከ5/16 መንጠቆ የገባ ይመስላል፣ ግን አይዝም። ሰንሰለቶቹን ከሥር አቋርጠህ እሠራቸው፤ መንጠቆው ቢወልቅ እንደ አልጋ ይቀበሉታል፣ አስፋልት አይመታም። ቀጭኗን የመገንጠያ ሽቦ ከሰንሰለቱ ላይ ሳይሆን ለብቻዋ ከመኪናው ጋር እሠራት፤ ትሬለሩ ከተገነጠለ የራሱን ፍሬን የምታስይዘው እሷ ናት። ፍሬቻና የፍሬን መብራቱን ሰው ከኋላ አቁመህ አስይ። በመጨረሻ ታኮውን ከጎማው ሥር አንሳ። ትስቃለህ አይደል? ታኮ ረስቶ የሚጎትት በየካምፑ አለ። ስትፈታ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ታኮ፣ ከዚያ መንጠቆ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ትሬለር በርካሽ አገኘሁ። ጎማው አዲስ ነው የሚመስለው፣ ጥርሱ አልተነካም። ልግዛ? (ከዳላስ)

መልስ፦ ትሬለሩን ግዛ፣ ጎማውን ግን በጥርሱ አትለካው። የትሬለር ጎማ የሚሞተው በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ውስጡ ይደርቃል። ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ፊደል መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2316 ካለ በ2016 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከአምስት ስድስት ዓመት ካለፈው ውበቱን አትመልከት፣ ለውጠው። ኤስ.ቲ. የሚል የትሬለር ጎማ ግዛ፣ የቤት መኪና ጎማ አትግጠምበት። የፍጥነት ገደቡ ያልተጻፈበት ኤስ.ቲ. ጎማ የተሠራው ለ65 ማይል ነው፤ የቴክሳስ መንገድ 75 እና 80 ቢፈቅድልህም ጎማው አልፈቀደልህም። ንፋሱን ጠዋት ሳትነዳ ለካ። የላላ ጎማ በዳላስ ነሐሴ አስፋልት ላይ ይግላል፣ ሲፈነዳ ደግሞ የትሬለሩን ሆድ ቀድዶ ቱቦና ሽቦውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄድ።

አዲሱን ጎማ ካስገጠምክ 50 ማይል ያህል ሄደህ ቁምና ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቅ። በዚያው እጅህን ወደ ጎማው መሐል አስጠጋ፣ ኩሽኔታው ያለበት ጋ። አንደኛው ከሌሎቹ ይልቅ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ጉዞውን አትቀጥል። ስኮርታውንም ገልብጠህ ቁጥሩን አንብብ፤ እሱም ከአራቱ ጋር እኩል ነው ያረጀው።